«አንዱን ኩላሊቴን ብሸጥ ምን እሆናለሁ?» ከቆቦ የመጣ ጥያቄ



የዛሬው ፅሁፍ ረዘም ይላል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ምክንያቱም ይሄንን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው አንድ ብቻ አይደለም። ሰሞኑን ማታ ላይ ኢንቦክስ የገባ መልእክት ነው። ላኪውን አስፈቅጄ፣ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ነገር ሁሉ አውጥቼ ነው የማካፍላችሁ።

«ሰላም ዶክተር። የምፅፍልዎት ከቆቦ ነው። ታናሽ ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ የመን ላይ ደላሎች ይዘውታል። ስልክ ደውለው እያስጮሁት ብር ላኩ ይሉናል። በሬውን ሸጥን፣ ዘመድ አዋጣ፣ አልሞላም። በቴሌግራም ኩላሊት የሚገዛ የውጭ ሆስፒታል አገኘሁ። የሚከፍሉት በዶላር ነው። እኔ ጤነኛ ነኝ። ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል ሲባል ሰምቻለሁ። አንዱን ብሸጥ ምን እሆናለሁ? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ፣ ጊዜ የለኝም።»

የራያን ቆላ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ታሪክ አዲስ አይደለም። ዝናቡ ሲቀር ማሽላው ይቀራል፤ ማሽላው ሲቀር ልጁ ሳዑዲ ይሻለኛል ብሎ ይነሳል። መንገዱ ላይ ደላላ አለ፣ በረሃ አለ፣ ባሕር አለ፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ የሚያግት አለ። አዲሱ ነገር ስልክ ውስጥ የገባው ገዢ ነው። ስለዚህ የልጁን ጥያቄ በቁም ነገር እንየው። «ሞኝ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይሄ ልጅ ግን ሞኝ አይደለም፤ ወንድሙን የሚወድ፣ የሚሸጠው ነገር ያለቀበት ሰው ነው።

📌 መጀመሪያ፦ ማስታወቂያው እውነት ነው ወይ?

ስክሪንሾቱን ላክልኝ አልኩት፣ ላከልኝ። የሆስፒታል ፎቶ አለው፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አለው፣ ብዙ ዜሮ ያለው ዋጋ አለው። ታች ላይ ደግሞ «ለምዝገባና ለሰነድ ማስፈጸሚያ ቅድሚያ ብር አስገባ» ይላል። በቃ፣ ጨዋታው እዚህ ጋ ነው። ኩላሊቱን የሚፈልገው ሰው የለም። የሚፈለገው ያቺ «የምዝገባ» ብር ነች። ከላካችሁ በኋላ «የቪዛ»፣ «የኢንሹራንስ»፣ «የባንክ ማስተላለፊያ» እያለ ይቀጥላል፤ ብራችሁ ሲያልቅ ብሎክ ያደርጋችኋል።

እነዚህን ምልክቶች ያዙ፦

👉 ትክክለኛ ሆስፒታል ኩላሊት አይገዛም፤ በፌስቡክም በቴሌግራምም ሻጭ አይፈልግም።
👉 የደም ዓይነታችሁን እንኳን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ሐኪም አይደለም። ኩላሊት ለማንም የሚገጠም መለዋወጫ ዕቃ አይደለም፤ ከተቀባዩ ደምና ሕብረ ሕዋስ ጋር መስማማቱ መመርመር አለበት።
👉 «ሚስጥር ይሁን፣ ለቤተሰብ እንዳትናገር» የሚል ሁሉ አሳልፎ ሊሰጣችሁ ነው።
👉 ፓስፖርትና መታወቂያ ፎቶ አንስታችሁ ለማታውቁት ሰው አትላኩ።

ከአጭበርባሪው የባሰው ግን እውነተኛው ደላላ ነው። እሱ ብር አይጠይቃችሁም። ትኬት ይቆርጥላችኋል፣ ቤት ይከራይላችኋል። ካይሮ ውስጥ ሱዳናውያንን ጨምሮ ከአፍሪካ አገሮች የሄዱ ስደተኞች በዚህ መንገድ ኩላሊታቸውን እንደተወሰዱ ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞች በተደጋጋሚ ዘግበዋል። ግብፅ በ2010 እ.ኤ.አ የአካል ሽያጭን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ ንግዱ ግን ከሕጉ በኋላም በድብቅ ቀጥሏል። እዚያ ቤት ከገባችሁ በኋላ ፓስፖርቱ በደላላው እጅ ነው፣ ቋንቋውን አታውቁም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላችሁ ፖሊስ ጋ መሄድ ያስፈራችኋል። ቃል የተገባላችሁን ግማሽ ቢሰጣችሁ ለማን ትከሳላችሁ?

📌 ሁለተኛ፦ እውነት ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል?

አዎ፣ ይኖራል። ይሄንን መዋሸት አልፈልግም። በአንድ ኩላሊት የተወለዱና ሳያውቁት ያረጁ ሰዎች አሉ። አንዱ ሲወጣ የቀረው ሥራውን ይጨምራል፤ ከጊዜ በኋላ ቀድሞ ሁለቱ አብረው ይሠሩት ከነበረው ወደ 70 በመቶ የሚጠጋውን ይሸፍናል።

ግን «ይኖራል» ማለትና «ምንም አይሆንም» ማለት ይለያያሉ። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ሺህ ለጋሾች ላይ በተሠሩ ጥናቶች፣ ከ10,000 ለጋሾች 3 የሚሆኑት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። በዕድሜ ዘመናቸው የኩላሊት ድክመት የመጨረሻ ደረጃ ላይ ይደርሳሉ ተብለው የተገመቱት ደግሞ ከ10,000 ለጋሾች 90 ገደማ ናቸው። እኩል ጤነኛ ሆነው ካልሰጡት ሰዎች መሃል ቁጥሩ 14 ገደማ ነው። ሁለቱም ትንሽ ቁጥር ናቸው፤ አንደኛው ግን ከሌላው ከ6 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ኩላሊቷን የሰጠች ሴት በኋላ ስታረግዝ የደም ግፊት የመያዝ ዕድሏም ከፍ ይላል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ከማን ነው? በደንብ ከተመረመሩና በጥሩ ሆስፒታል ከተሠራላቸው ሰዎች ነው። ለጋሽ ከቀዶ ጥገና በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አያነሳም። አሁን አስቡት። በድብቅ ቤት ውስጥ ተቀዶ፣ በሳምንቱ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ቆቦ ሲደርስ ማሽላ አጨዳ ወይም የሽንኩርት ጆንያ ማውረድ ለሚጠብቀው ልጅ ቁጥሩ ስንት ይሆናል? ማንም አያውቀውም፤ ምክንያቱም እሱን ማንም አይከታተለውም፣ ማንም አይመዘግበውም።

📌 ሦስተኛ፦ «አካሌ የራሴ ነው፣ ለምን አልሸጥም?»

ይሄ ጠንካራ ጥያቄ ነው። ልጁም በኋላ ላይ ጠይቆኛል። «ሀብታሙ ይድናል፣ እኔ ወንድሜን አስፈታለሁ፣ ማን ተጎዳ?» አለኝ። ብዙ የተማሩ ሰዎችም ይሄንኑ ይላሉ፤ በዓለም ላይ የሚከራከሩበት የፍልስፍና ሰዎች አሉ። «ድሃውን ከመሸጥ ብትከለክሉት ድህነቱን አትቀንሱለትም፣ ያለውን አንድ አማራጭ ነው የምትነጥቁት» ይላሉ። ቀላል ክርክር አይደለም።

ስለዚህ ከክርክሩ በፊት የሸጡት ሰዎች ምን ሆኑ የሚለውን እንይ።

በህንድ ቼናይ ከተማ ኩላሊታቸውን የሸጡ 305 ሰዎች ተጠይቀው ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታትሟል። ከመቶ 96ቱ የሸጡት ዕዳ ለመክፈል ነው። በአማካይ እጃቸው የገባው 1,070 ዶላር ነበር። ሽያጩ ከተፈጸመ በአማካይ 6 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፦

👉 የቤተሰባቸው ገቢ በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል፣
👉 ከ4 ሰዎች ወደ 3 የሚጠጉት አሁንም ዕዳ አለባቸው፣
👉 86 በመቶዎቹ ጤናቸው እንደቀነሰ ተናግረዋል፣
👉 79 በመቶዎቹ «ሌላ ሰው እንዲሸጥ አንመክርም» ብለዋል።

አያችሁ? ኩላሊቱ ሄደ፣ ብሩ ሄደ፣ ዕዳው ቀረ። ለምን? በጉልበቱ የሚኖር ሰው ጉልበቱን ሸጦ ነው ዕዳ የከፈለው። በሬውን የሸጠ ገበሬ ክረምቱ ሲመጣ በምን ያርሳል? እንደዚያ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በሬ ቀን ሲወጣ መልሶ ይገዛል።

«እሺ፣ በድብቅ ስለሆነ ነው፤ መንግሥት ቢቆጣጠረውስ?» ትሉ ይሆናል። ይሄንን የሞከረች አገር አለች፣ ኢራን። ከ1988 እ.ኤ.አ ጀምሮ ኩላሊት ለሚሰጥ ሰው በሕግ ክፍያ እንዲከፈል ፈቅዳለች። ለሕመምተኞቹ ወረፋውን አቃልሏል፤ ይሄንን መካድ አይቻልም። ሻጮቹ ግን በአብዛኛው ድሆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ዕዳ ያለባቸው ናቸው። ሕጉ ደላላውን ከመሃል ሊያስወጣው ይችላል። ኩላሊቱ የሚጓዝበትን አቅጣጫ ግን አልቀየረውም፤ ከሌለው ወደ ካለው።

ለእኔ የነገሩ ሥር ይሄ ነው። ፈቃድ ማለት «አይ» ማለት የሚችል ሰው «እሺ» ሲል ነው። ወንድሙ በስልክ እየጮኸ ያለ ልጅ «አይ» ማለት ይችላል? ወረቀቱ ላይ ይፈርማል፣ አዎ። ግን የፈረመው እሱ ነው ወይስ የአጋቹ ዱላ? ገዢው ኩላሊት የገዛ ይመስለዋል፤ የገዛው ግን የልጁን ጭንቀት ነው። ደላላውም የሚነግደው በዚያው ነው። ለዚህ ነው ሠፈር የሚመርጠው፤ ቦሌ ላይ ኩላሊት ፈላጊ ደላላ ሲዞር አላየሁም።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ኩላሊት ዋጋ ካገኘ አበዳሪው እንደ መያዣ ያየዋል። ዛሬ ዕዳ ያለበት ሰው «መሬትህን አከራይ፣ በሬህን ሽጥ» ይባላል። ነገ «ኩላሊት አለህ አይደል?» መባሉ አይቀርም። ያኔ መሸጥ የማይፈልገውም ሰው ይገደዳል።

📌 ሕጋችን ምን ይላል?

👉 የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 18፣ ሰው በሕይወት እያለ አካሉን ለመስጠት የሚገባው ውል በአካሉ ሙሉነት ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ፣ በሕክምና ሙያ ደንብ ካልተደገፈ በስተቀር አይጸናም ይላል። አንቀጽ 19 ደግሞ ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ሐሳቡን መለወጥ እንደሚችል ይደነግጋል።
👉 በሰው የመነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሰውን አካል ማውጣትን ከብዝበዛ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።
👉 የዓለም ጤና ድርጅት መርሆዎችና በ2008 እ.ኤ.አ የወጣው የኢስታንቡል መግለጫም በአካል መነገድን ያወግዛሉ።

የሚገዛ ሰው ካላችሁም ይሄ ይመለከታችኋል። በኩላሊት የታመመ አባት ያለው ልጅ «ብር አለን፣ ከውጭ እንግዛ» ቢል ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን በድብቅ በተገዛ ኩላሊት የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ የተላለፈባቸው ሕመምተኞች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ብር ለማግኘት የቸኮለ ሻጭ ሕመሙን ይደብቃል፤ ደላላውም ያስደብቀዋል።

📌 መስጠትስ? እሱ ሌላ ነገር ነው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከልገሳ እንዳያስፈራችሁ እሰጋለሁ። ንቅለ ተከላ ሕክምና ከሠራቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱ ነው። መጀመሪያ የተሳካው በ1954 እ.ኤ.አ ቦስተን ውስጥ ነው፤ አንድ መንትያ ለወንድሙ ኩላሊቱን ሰጠ፣ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ቀዶ ጥገናውን መራ። ያ ሐኪም በ1990 እ.ኤ.አ የኖቤል ሽልማት አገኘ። ተመልከቱ፣ ይሄ ሕክምና የተጀመረው በወንድማማች ስጦታ ነው።

እኛ አገር ደግሞ በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር የመጀመሪያዎቹ የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች ተሠሩ። ከዚያ በፊት ያለው ምርጫ እጥበት ወይም ውጭ አገር መሄድ ነበር። ማዕከሉ የጀመረው ከዘመድ ለዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው። ያ ደግሞ በምክንያት ነው፤ ዝምድናው ለደላላ በር እንዳይከፈት ይከላከላል።

በትክክለኛው መንገድ የሚሰጥ ሰው ምን ያልፋል?

👉 ዕድሜው 18 የሞላና የሚያደርገውን የሚረዳ መሆን አለበት።
👉 የደም ዓይነት፣ የሕብረ ሕዋስና የመስማማት ምርመራ ይደረጋል።
👉 የራሱ ኩላሊት፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ጉበት፣ ኤችአይቪ ይታያል። ስኳር ወይም ከባድ የደም ግፊት ያለበት ሰው «ልስጥ» ቢል እንኳን ይከለከላል።
👉 ከተቀባዩ ተለይቶ ለብቻው ይጠየቃል። ለምን ትሰጣለህ? ማን ጠየቀህ? ብር አለበት?
👉 ሐሳቡን እስከ ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ድረስ መቀየር ይችላል።

አራተኛዋን ነጥብ አትለፏት። ብር ባይኖርም ጫና ሊኖር ይችላልና። ቤተሰብ ተሰብስቦ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ቤት የለሽም፣ ባል የለሽም፣ ለወንድምሽ ስጪ» ቢላት፣ ያቺ ልጅ በነፃነት ነው የሰጠችው? ብዙ ጊዜ ጫናው የሚወርደው ድምፅ በሌላት እህት ወይም ከሀብታሙ ዘመድ ቤት በሚኖረው የድሃ ዘመድ ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ መስጠት የማትፈልጉ ከሆነ ለብቻችሁ ስትጠየቁ ለሐኪሙ እውነቱን ተናገሩ። ሐኪሙ ለቤተሰብ «ለመስጠት ተስማሚ አይደለችም» ብቻ ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም። «አይ» ማለት ወንድምን መግደል አይደለም። ስጦታ ስጦታ የሚሆነው መከልከል ሲቻል ነው።

📌 ወጪ መሸፈንና ዋጋ መክፈል አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። «ለለጋሹ ምንም መስጠት ሐጢአት ነው ወይ?» ይሉኛል። አይደለም። ከቆቦ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለምርመራ የሚመላለስ ለጋሽ ትራንስፖርት አለበት፣ ማደሪያ አለበት፣ እያገገመ ሳለ ያልሠራበት ቀን አለ፣ በየዓመቱ ምርመራ አለ። ይሄንን መሸፈን ተገቢ ነው፤ ዓለም አቀፍ መርሆዎቹም ይፈቅዳሉ። ለጋሽ በመስጠቱ መክሰር የለበትም። ልኬቱ ቀላል ነው፤ ብሩ ለጋሹን ወደነበረበት የሚመልስ ከሆነ ወጪ ነው፤ ባይከፈለው ኖሮ የማይሰጥ ከሆነ ግን ዋጋ ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ ለዚህ የቆየ መንገድ አለን፦ ቅሬ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀብርበት፣ ድንኳን የሚተክልበት። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ጥሩ ነው። ሰው ሳይሞት ቢጠቅምስ? እጥበት በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ጊዜ ነው፤ በአቅም ማነስ 2 ጊዜ ወይም ከዚያ በታች የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ከቤቱ ርቆ ከተማ ተከራይቶ የሚታጠብ ሰው መጀመሪያ የሚያልቅበት ብሩ ነው፤ ቀጥሎ ተስፋው። አንድ ቅሬ የእጥበት ወይም የለጋሽ ትራንስፖርት ቢሸፍን ያ ሽያጭ አይባልም፤ ቀብሩን ማዘግየት ነው።

📌 ከሞት በኋላ የሚሰጥም አለ

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም አዲስ አበባ ተቋቁሟል። በአደጋ ወይም በኢንፌክሽን የዓይን ብሌናቸው ጠባሳ ለሆነባቸው ሰዎች፣ ከሞት በኋላ በፈቃድ የተሰጠ ብሌን ይተከላል። ዓይን ሙሉ በሙሉ አይተካም፣ ፊትም አይበላሽም፤ የሚወሰደው ፊት ለፊት ያለው ስስ መስታወት መሰል ክፍል ነው። በሰዓታት ውስጥ መነሳት ስላለበት ቃል መግባት ብቻ አይበቃም፤ ቤተሰብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አዲስ አበባና አካባቢዋ ያላችሁ አስቡበት።

«ሃይማኖቴ ይፈቅዳል ወይ?» ለሚለው፣ በ1988 እ.ኤ.አ ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በቅድመ ሁኔታ ልገሳን ፈቅዷል፣ ሽያጭን ከልክሏል። ክርስቲያን የሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ሁለቱም ቤት ግን «ሰው ሸቀጥ ነው» የሚል አላውቅም።

📌 ከሁሉም የሚሻለው ኩላሊት

ኩላሊት ፈላጊው ሲቀንስ ገበያውም ይቀንሳል። ኩላሊትን በዋናነት የሚገድሉት ስኳርና የደም ግፊት ናቸው፤ ሁለቱም ለዓመታት ዝም ብለው ይሠራሉ። ግፊታችሁን ተለኩ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ከሱቅ እየተገዛ በየቀኑ የሚዋጠውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ተዉት። በተለይ በቆላ ፀሐይ ውሃ ሳይጠጡ ውለው እነዚህን መድኃኒቶች መዋጥ ለኩላሊት አደገኛ ነው። የሽንትና የክሬቲኒን ምርመራ ቀላል ምርመራ ነው።

📌 ወደ ልጁ ልመለስ

ለእሱ የፃፍኩለት መልስ ከዚህ በጣም ያጠረ ነበር። እንዲህ አልኩት፦

«ወንድሜ፣ ማስታወቂያው ውሸት ነው፣ አንድ ብር እንዳትልክ። እውነት ቢሆን ደግሞ ይብሳል። አሁን አንድ ወንድምህ በሰው እጅ ነው። አንተ ከሄድክ እናታችሁ ሁለት ልጅ ነው በሰው እጅ የሚኖራት። ኩላሊትህን የሚገዛህና ወንድምህን የያዘው አንድ ሙያ ነው ያላቸው፤ ለአንዱ ደላላ ለመክፈል ለሌላው ራስህን አትስጥ። የደወሉበትን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ብር ላኩ ያሉበትን አካውንት ፃፈው። ብቻህን አትያዘው፤ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ፖሊስ ጋ ሂድ። እዚህ አገር ተቀምጦ ብሩን የሚቀበል ሰው አለ፤ እሱ ይያዛል።»

እስከ ንጋት አልመለሰልኝም። በማግስቱ «ብር አልላክሁም ዶክተር፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። ወንድሙ ይህን እስከምፅፍ ድረስ አልተለቀቀም። የሚያስደስት መጨረሻ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ኩላሊት ለዚህ ችግር መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሙሉውን መልስ ግን አንድ ሐኪም ብቻውን የሚሰጠው አይደለም። ደላላው ከእኛው ሠፈር ነው የሚነሳው፤ ስሙን እያወቅን ሰርግ ላይ አብረነው የምንበላ ስንት ነን?

እባካችሁ፣ ዕዳ የያዘው፣ ወንድሙ መንገድ ላይ የቀረበት፣ ሌሊት ሌሊት ስልኩን እያየ የሚያድር ሰው ካወቃችሁ ይሄንን ፅሁፍ በውስጥ መስመር ላኩለት። በአደባባይ ታግ አታድርጉት፣ ያፍራል። ከተቻላችሁ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ደውሉለት፣ «እንዴት ነህ?» በሉት።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ፣ ሚስጥር የሆነውን በኢንቦክስ ፃፉልኝ። ቢዘገይም አነባለሁ።

ጤና ይስጥልን!